በትንሽ ቤት በኩል የገባ ጥፋት፤ የኪየቭ የሒሳብ ፕሮግራም ታሪክና የትናንሽ ንግድ ቤቶች የኢንተርኔት ጥበቃ

በከተማችን የሚገኙ ትናንሽ የንግድ ቤቶች ሒሳባቸውን ከመዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ካዛወሩ ወዲህ፣ ስለ ጥበቃ በተጠየቁ ቁጥር የሚሰጡት አንድ የተለመደ መልስ አለ። ይኸውም «እኔ ትንሽ ነጋዴ ነኝ፤ እኔን ብሎ ማን ይመጣል?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህንኑ ቃል የሰማው መርካቶ ውስጥ የአንድ ቀለም መሸጫ ሱቅ ሒሳብ ከምትይዝ ሠራተኛ ነው። በኮምፒዩተሯ ውስጥ ዱቤ የወሰዱ ደንበኞች ስም፣ የሱቁ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የአያሌ ወራት ደረሰኝ ተከማችቶ ይገኛል። ሒሳቡ የሚሠራው በብዙ የአዲስ አበባ ንግድ ቤቶች በሚታወቀው በፒችትሪ ነው። ፕሮግራሙን ከየት እንዳገኘችው ስጠይቃት «ጓደኛዬ በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችኝ» አለች። ማሻሻያ ይመጣለት እንደ ሆነ ብጠይቃትም «የተገለበጠ ስለ ሆነ አይመጣለትም፤ ባይመጣለትም እስከ ዛሬ ምንም አልሆንኩም» ስትል መለሰችልኝ።

በዚያን ሰዓት የሚያጠግብ መልስ ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ተመለስሁ። ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ በመፈለግ የተዘጋጀ ነው።

ነገሩን ከመረመርሁ በኋላ የደረስሁበት ሐሳብ፣ ስሕተቱ ያለው ከመልሱ ይልቅ በጥያቄው ውስጥ ነው የሚል ነው። «እኔን ማን ይፈልገኛል?» የሚል ሰው፣ ሌባን ቤት መርጦ፣ ጨለማ ጠብቆ፣ አጥር ዘሎ እንደሚገባ አድርጎ ያስበዋል። በኢንተርኔት የሚመጣው ጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ የንግድን መንገድ ተከትሎ የሚጓዝ ነው። ትንሹ ቤት የሚመታው ተፈልጎ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ተገኝቶ ነው። ከዚህም በላይ ትንሹ ቤት ራሱ መንገድ ሆኖ ትልቁን ቤት የሚያስመታበት ጊዜ አለ። ይህን ለማስረዳት እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የደረሰውን ነገር ባጭሩ፣ በ2017 ደግሞ ከዩክሬን ዋና ከተማ ከኪየቭ የተነሣውን በሰፊው እናያለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጋዴው ወደዚህ መንገድ እንዴት ገባ?

የኢንተርኔት አባት የሚባለው አርፓኔት በ1969 በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ገንዘብ ሲቋቋም፣ ያገናኘው ጥቂት የምርምር ተቋማትንና ዩኒቨርሲቲዎችን ነበር። ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው በስም የሚተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ የሚያነቡ ምሁራን ስለ ነበሩ፣ በመካከላቸው ቁልፍ ማብዛት አስፈላጊ ሆኖ አልታያቸውም። መረቡ እየሰፋ በሄደ ጊዜም ይህ የመተማመን ልማድ አብሮ ሄደ።

ልማዱን የፈተነው ደግሞ ከውጭ የመጣ ጠላት ሳይሆን ተማሪ ነበር። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ራሱን በራሱ እያባዛ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚሄድ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኮምፒዩተር በኩል ለቀቀው። በዚያ ጊዜ ከመረቡ ጋር ተገናኝተው ነበር ከሚባሉት 60,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ውስጥ 6,000 የሚሆኑት ሥራ እስኪያቆሙ ድረስ እንደ ተጨናነቁ ተገመተ። ሞሪስ በ1990 ጥፋተኛ ተብሎ የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። ኋላም በዚያው ፕሮግራሙን በለቀቀበት ተቋም ፕሮፌሰር ሆኗል። (የዚህ መጽሔት አንባቢዎች አብዛኞቹ ተማሪዎች ስለ ሆኑ ይህን የመጨረሻውን ነገር እንደ ማበረታቻ እንዳይወስዱት አደራ እላለሁ።)

በ1995 የአሜሪካ መንግሥት የምርምር መረብ ዋና መሥመር ተዘግቶ ሥራው ወደ ግል ኩባንያዎች ሲተላለፍ፣ በንግድ ላይ የነበረው ገደብ ተነሣ። ነጋዴው የገባው እንግዲህ ለሚተዋወቁ ሰዎች ተብሎ ወደ ተሠራ ቤት ነው። በሮቹ ሰፊ ነበሩ፤ መዝጊያዎቹ የተገጠሙለት ግን በኋላ፣ አንድ በአንድ፣ ጉዳት በደረሰ ቁጥር ነው።

የማቀዝቀዣ ጠጋኙ ድርጅት

በ2013 መጨረሻ ታርጌት በተባለው ታላቅ የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ ላይ የደረሰው ስርቆት በዘመኑ ብዙ ተወርቶለታል። ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 15 ባለው የገና ገበያ ወቅት 40 ሚሊዮን ያህል የክፍያ ካርዶች ቁጥር ተሰረቀ፤ የ70 ሚሊዮን ደንበኞች ስም፣ አድራሻና ስልክም አብሮ ሄደ። ሌቦቹ የተጠቀሙበት በር ግን የኩባንያው በር አልነበረም። በፔንስልቬንያ፣ በፒትስበርግ አጠገብ የሚገኝ አንድ የማቀዝቀዣና የማሞቂያ መሣሪያ ተቋራጭ ለታርጌት ሱቆች ይሠራ ነበር። ለዚህ ተቋራጭ በኢሜይል የተላከ ተንኰለኛ ፕሮግራም የይለፍ ቃሉን ሰረቀ፤ በዚያም የይለፍ ቃል ሌቦቹ ወደ ታርጌት መረብ ገቡ።

ነገሩ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው፣ ተቋራጩ የሱቆቹን ቅዝቃዜ ከሩቅ ይቆጣጠር ስለ ነበር ነው ብሎ ገመተ። ተቋራጩ ግን ከታርጌት ጋር የተገናኘው ሒሳብ ለመላክ፣ የውል ሰነድ ለማስገባትና የሥራ ክትትል ለማድረግ ብቻ እንደ ሆነ አስታወቀ። ለእኔ ይህ መልስ ከግምቱ የበለጠ የሚያስደነግጥ ነው። ማቀዝቀዣ ከሩቅ የሚቆጣጠር ትንሽ ድርጅት ጥቂት ነው፤ ለትልቅ ደንበኛው ሒሳብ የማይልክ ድርጅት ግን የለም። የመርካቶዋ የሒሳብ ሠራተኛም ለአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ኩባንያ በየወሩ የምትልከው ፋክቱር አላት።

እርግጥ ጥፋቱ የትንሹ ድርጅት ብቻ አልነበረም። የታርጌት የራሱ የመከላከያ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሳለ ሰሚ አላገኘም፤ ሒሳብ የሚቀበለው የመረብ ክፍልም ካርድ ከሚያነቡት የገንዘብ መቀበያ ማሽኖች በሚገባ አልተለየም ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ በ2014 ከሥራ ለቀቁ፤ በ2017ም ኩባንያው ከ47 የአሜሪካ ግዛቶች ጋር በ18 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ታረቀ።

የኪየቭ ቤተ ሰብ ድርጅት

በዚሁ በ2017 በኪየቭ የደረሰው ከዚህ ሁሉ የሰፋ ነው። ሊንኮስ ግሩፕ የሚባለው ድርጅት ፖዲል በተባለው ሠፈር ጠርዝ የሚገኝ፣ በአንድ ቤተ ሰብ የሚመራ ትንሽ የፕሮግራም ሠሪ ቤት ነበር። የሚታወቅበትም ሥራ ኤም ኢ ዶክ የተባለ የሒሳብና የግብር ሰነድ ፕሮግራም ነው። በዩክሬን ግብር የሚከፍል ነጋዴ ቅጹን የሚሞላበት፣ ከሌላ ነጋዴ ጋር ፋክቱር የሚለዋወጥበትና ለግብር መሥሪያ ቤት የሚልክበት ዋነኛው መሣሪያ ስለ ነበር፣ በአገሪቱ ውስጥ አንድ ሚሊዮን በሚያህሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ተጭኖ ይገኝ ነበር ይባላል። ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የአንድ አገር ነጋዴ ሁሉ በእርሱ በር ያልፋል።

እዚህ ላይ የአሠራሩን ጠባይ ማስተዋል ይገባል። የግብር ሕግና ቅጽ በየጊዜው ይለወጣል። በተለወጠ ቁጥር ሊንኮስ አዲስ ማሻሻያ ያዘጋጅና በሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል፤ የነጋዴዎቹ ኮምፒዩተሮችም ከዚያ እየሳቡ ይጭኑታል። ማሻሻያውን አልቀበልም የሚል ነጋዴ በአሮጌ ቅጽ ይቀራል፤ ስለዚህ ሁሉም ይቀበላል። በሌላ አነጋገር ነጋዴው ዘወትር ክፍት አድርጎ የሚተወው አንድ በር አለ፤ ያንንም በር የከፈተው በስንፍና ሳይሆን የመንግሥትን ትእዛዝ ለመፈጸም ነው።

ሰርጎ ገቦቹ የተጠቀሙት ይህንኑ በር ነው። የድርጅቱን ሰርቨር በእጃቸው አድርገው፣ በሚታወቀው ማሻሻያ ውስጥ የራሳቸውን የጓሮ በር ሰፉበት። የስሎቫኪያው ኤሴት የተባለ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ነገሩን በኋላ ሲመረምር ኤፕሪል 14፣ ሜይ 15 እና ጁን 22 ቀን በወጡት ሦስት ማሻሻያዎች ውስጥ የጓሮ በሩን አገኘው። እንግዲህ ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት ሁለት ወር ከዐሥር ቀን ያህል በሩ ተከፍቶ ኖሯል ማለት ነው።

ከምርመራው ውጤት ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የሚከተለው ነው። በዩክሬን እያንዳንዱ ሕጋዊ ድርጅት ባለ 8 አኃዝ የመዝገብ ቁጥር አለው፤ የእኛን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይመስላል። የጓሮ በሩ ከገባበት ኮምፒዩተር ላይ መጀመሪያ ከሚሰበስባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቁጥር ነበር። በዚህም የተነሣ ሰርጎ ገቦቹ በየትኛው ቤት ውስጥ እንዳሉ፣ ባንክ ይሁን ዳቦ ቤት፣ ለይተው ማወቅ ይችሉ ነበር። የመረጡትን ብቻ ለመምታት የሚያስችል መዝገብ በእጃቸው ነበራቸው። በተወሰነው ቀን ግን አልመረጡም፤ ባንኩንም ዳቦ ቤቱንም አንድ ላይ መቱ።

ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ቀኑ ጁን 27 ቀን 2017፣ ማክሰኞ፣ የዩክሬን ሕገ መንግሥት በዓል ዋዜማ ነበር። በጓሮ በሩ በኩል የተላከው ፕሮግራም በኋላ ኖትፔትያ የሚል ስም የወጣለት ነው። የገባበትን ኮምፒዩተር ካጠፋና እንደገና ካስነሣ በኋላ የዲስክ ጥገና የሚያደርግ መስሎ ይታያል፤ በዚያው ሰዓት ፋይሎቹን ወደማይፈታ ምሥጢር ይለውጣል። ከዚያም በጥቁር ገጽ ላይ በቀይ ጽሑፍ 300 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን እንዲከፈል ይጠይቃል። ጥያቄው ግን ማታለያ ነበር። የከፈለ ሰው የሚጽፍበት የኢሜይል አድራሻ በዚያው ቀን በጀርመን አገልግሎት ሰጪው ተዘጋ፤ ባይዘጋም እንኳ ፕሮግራሙ ሲሠራ መፍቻው እንዲገኝ ተደርጎ አልተሠራም። የቤዛ ጠያቂ ልብስ የለበሰ አጥፊ ነበር።

የመርካቶዋ የሒሳብ ሠራተኛ እስከዚህ ድረስ ብትሰማ «እንግዲህ ማሻሻያ ያለመቀበሌ በጀኝ!» ማለቷ አይቀርም። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚህ ታሪክ የመጀመሪያ ተጠቂዎች ገንዘብ ከፍለው፣ ደንብ አክብረው፣ ማሻሻያውን በጊዜው የጫኑ ሰዎች ናቸው። ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። ኖትፔትያ አንድ ኮምፒዩተር ከያዘ በኋላ ወደ ጎረቤቶቹ የሚሄደው በሁለት ሌሎች መንገዶች ነበር። አንደኛው ኢተርናል ብሉ የተባለው፣ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ለራሱ ሥራ አዘጋጅቶት እንደ ነበረ የሚታመነውና ኤፕሪል 14 ቀን 2017 ሰርቀው በያዙት ሰዎች በአደባባይ የተበተነው መሣሪያ ነው። ማይክሮሶፍት የዚህን ቀዳዳ መድፈኛ ማርች 14 ቀን፣ ማለትም መሣሪያው ከመበተኑ አንድ ወር፣ ኖትፔትያ ከመለቀቁም ከሦስት ወር በላይ አስቀድሞ አውጥቶ ነበር። ያንን ማሻሻያ ያልጫነ ኮምፒዩተር ሁሉ በዚህ በኩል ተያዘ።

ሁለተኛው መንገድ ሚሚካትዝ የሚባለውን መሣሪያ የመሰለ ሲሆን፣ በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ የቀሩ የይለፍ ቃሎችን ለቅሞ በእነርሱ ወደ ሌላው ይገባል። በመሆኑም ኮምፒዩተሩ የተደፈነም ቢሆን፣ በዚያው ቢሮ ሁሉም ሰው በአንድ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የሚሠራ ከሆነ አላመለጠም። ስለዚህ በአንዱ በኩል ማሻሻያ መርዝ ሆነ፤ በሌላው በኩል ማሻሻያ ማጣት መርዝ ሆነ። «ማሻሻያ ጫኑ» የሚለው ምክር ትክክል ሆኖ ሳለ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

በዚያ ቀን በኪየቭ የባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ቆሙ፤ በሱቅና በምድር ውስጥ ባቡር በካርድ መክፈል አልተቻለም፤ ፖስታ ቤት ተስተጓጐለ። በቼርኖቤል የጨረር መጠን በእጅ መሣሪያ መለካት ግድ ሆነ። በጊዜው የመሠረተ ልማት ሚኒስትር የነበሩት ቮሎዲሚር ኦሜልያን በአገሪቱ ካሉት ኮምፒዩተሮች ከመቶ ዐሥር ያህሉ እንደ ጠፉ ገምተዋል።

ከኦዴሳ እስከ ጋና

ጥፋቱ ከዩክሬን ድንበር የወጣው በዚሁ በንግድ መንገድ ነው። መርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ በኦዴሳ ወደብ ጽሕፈት ቤት ነበረው። በዩክሬን የሚሠራ ሁሉ ግብር ስለሚከፍል፣ የዚያ ጽሕፈት ቤት የገንዘብ ኃላፊ ኤም ኢ ዶክ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ እንዲጫንለት ጠይቆ ነበር። ለኖትፔትያ ያ አንድ ኮምፒዩተር በቃው። ኩባንያው በዓለም ላይ ከነበሩት 76 የወደብ ማራገፊያዎች 17ቱ ተደናቀፉ፤ በወደቦቹ በር የጭነት መኪናዎች ተሰለፉ፤ ሠራተኞቹም ትእዛዝ በግል ኢሜይላቸውና በዋትሳፕ መቀበል ጀመሩ። የኩባንያው ሊቀ መንበር የነበሩት ጂም ሃገማን ስናቤ በጃንዋሪ 2018 በዳቮስ እንደ ተናገሩት፣ በዐሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒዩተር እንደ አዲስ ተሠርቷል።

የመዳኑ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የሠራተኞቹን ስምና የመግቢያ መብት የሚይዙት 150 ያህል ዋና ሰርቨሮች አንዱ የሌላውን መዝገብ እየገለበጡ እንዲኖሩ የተሠሩ ነበሩ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል በሚል ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እነርሱ ግን በአንድ ቀን ጠፉ። በብዙ ፍለጋ አንድ ብቻ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም በጋና ነበር። ጥቃቱ ከመድረሱ አስቀድሞ በጋና መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ሰርቨሩ ከመረቡ ተለይቶ ቀረ። መዝገቡን በመሥመር ወደ እንግሊዝ ለመላክ ቢሞከር መሥመሩ ቀርፋፋ ስለ ሆነ ብዙ ቀናት የሚፈጅ ሆነ። ከጋና ሠራተኞች አንዱ ይዞት እንዳይሄድ ወደ እንግሊዝ መግቢያ ቪዛ ያለው አልተገኘም። ስለዚህ ዲስኩን አንዱ ይዞ እስከ ናይጄሪያ በረረ፤ እዚያም በአውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበ፤ ያኛው ወደ ለንደን ይዞት ሄደ። ይህ ሁሉ በዚያን ጊዜ የዓለምን የመርከብ ጭነት አንድ አምስተኛ ያህል ያመላልስ ለነበረ ኩባንያ ነው።

እኛ መብራት በጠፋ ቁጥር የምናማርር ሰዎች ይህን ታሪክ ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። ቁም ነገሩ ግን መብራቱ አይደለም። የዳነው መዝገብ የዳነው ከሌሎቹ ጋር ስላልተገናኘ ነው። ትንሹ ነጋዴ ይህን ለማድረግ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ የሒሳቡን ግልባጭ በየሳምንቱ በተለየ ዲስክ ላይ አድርጎ፣ ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ቢቆልፍበት ያንኑ ያህል ነው። እንደዚህ ያለው ሥራ ከአንድ ጣሳ ቀለም ዋጋ ብዙም የማይርቅ ወጪ ይጠይቅ እንደ ሆነ እንጂ ትልቅ ሙያ አይጠይቅም።

በደለኛው ማን ነው?

ጁላይ 4 ቀን 2017 የዩክሬን ፖሊስ የሊንኮስን ቤት ወርሮ ሰርቨሮቹን ወሰደ። የፖሊሱ የኮምፒዩተር ወንጀል ክፍል ኃላፊ ድርጅቱ ደጋግሞ ማስጠንቀቂያ እንደ ተሰጠውና ቸል እንዳለ በመግለጽ፣ በወንጀል ሊጠየቅ እንደሚችል ተናገሩ። ድርጅቱ በበኩሉ የጥፋቱ ምንጭ የእርሱ ፕሮግራም ነው መባሉን መጀመሪያ ላይ አስተባብሎ ነበር። የጋዜጦቹም ፍርድ ወደ ፖሊሱ ያደላ ነበር።

ፍርዱን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል እቸገራለሁ። ድርጅቱ ሰርቨሩን በሚገባ አልጠበቀም መባሉ እውነት ነው፤ የአንድ ሚሊዮን ኮምፒዩተር ቁልፍ የያዘ ሰው ትንሽ ነኝ ብሎ ማምለጥ አይችልም። ሆኖም በሩን የሰበረው ማን ነበር? የእንግሊዝና የአሜሪካ መንግሥታት በፌብሩዋሪ 2018 ጥቃቱን ያደረሰው የሩሲያ ጦር ነው ብለው በይፋ አስታወቁ፤ ኦክቶበር 19 ቀን 2020ም የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ክፍል መኰንኖች ናቸው ባላቸው ስድስት ሰዎች ላይ ክስ መመሥረቱን ገለጸ። ሩሲያ ክሱን አልተቀበለችም። እንግዲህ በአንድ ወገን የቤተ ሰብ ድርጅት፣ በሌላው ወገን የታላቅ መንግሥት ሠራዊት ቆመው ነበር ማለት ነው። ደግሞም የአገሩን ነጋዴ ሁሉ በዚያ በር እንዲያልፍ ያደረገው የግብር ሥርዓት፣ በሩ ምን ያህል ጠንካራ እንደ ሆነ አስቀድሞ አልመረመረም።

በአገራችን ሕግም ይኸው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚቀጣው ሰብሮ የሚገባውን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ በሚይዘው ላይ የመጠበቅ ግዴታ ይጥላል። ዱቤ የወሰዱ ደንበኞችን ስም ከነስልካቸው በኮምፒዩተር የያዘ ሱቅ የሰው መረጃ ያዥ ነው። ተሰራቂና ተጠያቂ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለ ኪሣራው አቈጣጠር

የአሜሪካ ቤተ መንግሥት የጠቅላላውን ጉዳት ግምት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ አድርጎታል። መርስክ ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ የፌዴክስ ክፍል የሆነው ቲ ኤን ቲ 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል አጥተዋል። መርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ደግሞ ለመድን ሰጪዎቹ የ1.4 ቢሊዮን ዶላር ጥያቄ አቀረበ። መድን ሰጪዎቹ «ይህ የጦርነት ሥራ ነው፤ ውሉ ጦርነትን አይሸፍንም» ብለው እንቢ አሉ። የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2021 ለመርክ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም በሜይ 2023 አጸናው፤ በጃንዋሪ 2024 ነገሩ በስምምነት አለቀ።

መርክ ይህን ክርክር ሲያካሂድ ስድስት ዓመት ያህል መቆየት ችሏል። መድን ሰጪዎችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። የለንደኑ ሎይድስ በኦገስት 2022 ባወጣው መመሪያ፣ ከማርች 31 ቀን 2023 ጀምሮ በሚገቡ የኮምፒዩተር ጥቃት መድን ውሎች ላይ፣ በመንግሥታት የሚደገፍ ከባድ ጥቃት ከሽፋኑ ውጭ መሆኑ በግልጥ እንዲጻፍ አዘዘ። እንደ ኪየቩ ዓይነት ጥፋት ደግሞ ከቢሮው ወደ ዳቦ ቤቱ ሲደርስ፣ ዳቦ ቤቱ ጠላቱ መንግሥት ይሁን ወንበዴ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እነዚህ የኩባንያዎቹ የኪሣራ ቁጥሮች የተገኙት ከየት ነው ብለን ብንጠይቅ ከኩባንያዎቹ የራሳቸው ሪፖርት ነው። አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች የደረሰባቸውን ኪሣራ ለባለ አክሲዮኖቻቸው እንዲገልጹ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ የፍርድ ቤት መዝገብም አላቸው። በዚያ ማክሰኞ ቀን በኪየቭ የካርድ ማንበቢያው የቆመበት ባለ ሱቅ፣ የወሩ ፋክቱር የጠፋበት ልብስ ሰፊ፣ የዱበኞቹን ስም እንደገና ከራሱ ለማስታወስ የተቀመጠ ቀለም ሻጭ ለማንም ሪፖርት አያቀርቡም። የኖትፔትያን ታሪክ የሚጽፍ ሰው መርከቡንና መድኃኒት ፋብሪካውን በስም እየጠራ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተሠራላቸውን፣ ማሻሻያውንም መጀመሪያ የተቀበሉትን ሰዎች ግን «ሌሎች ብዙ» ብሎ ያልፋቸዋል። እኔም እስከዚህ ድረስ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የመርካቶዋ የሒሳብ ሠራተኛ የሦስት ወር ደረሰኝ ቢጠፋባት፣ ጉዳቱ የሚጻፈው በእርሷው የእጅ ደብተር ላይ ብቻ ነው፤ ደብተሩንም ፒችትሪ ከመጣ ወዲህ ትታዋለች።